የዳርሊን ዘፈንና ያጠፋሁት ቴፕ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አለቃዬ ኬክ አስመጥቶ ንግግር አደረገ። «ስንዱ እጅ የገባ ድምፅ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል? የሰጡኝን አበባ ይዤ ሰብዌይ ባቡር ውስጥ ስቀመጥ ግን ንዴቱ ተነሣብኝ። በሰውየው አይደለም፤ እሱ የሚያውቀው የመጨረሻዎቹን ዓመታት ብቻ ነው። የተናደድኩት በገዛ እጄ ያጠፋሁት ድምፅ ስላለ ነው። ያስጠፋኝ ሰው እስከ ዛሬ በዚያ ዘፈን ስሙ በክብር ይጠራል። አጨብጭበው የሸኙኝ ልጆች ዘፈኑን «ክላሲክ» ይሉታል። እንግዲህ እንዴት ክላሲክ እንደሆነ እኔ ልንገራቸው።

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የቴፕ ክፍል ሠርቻለሁ። ቴፕ መጠቅለል፣ መቁረጥ፣ መቀጠል፣ በተራ ቁጥር መደርደር፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። ቶሮንቶ ከገባሁ በኋላ ያ ሙያ ዳግም ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እሱ ዳቦ ፋብሪካ ይሠራል፣ እኔ ጽዳት። ከማጸዳቸው ቦታዎች አንዱ በከተማው ምሥራቅ በኩል፣ የድሮ ጫማ ፋብሪካ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሙዚቃ ስቱዲዮ ነበር።

አንድ ጠዋት የቴፕ ክፍሉን ወለል እየወለወልኩ ሳለ አንድ ትልቅ የቴፕ ጥቅል፣ ሪል የሚሉት፣ ማሽኑ ላይ ተረስቶ አየሁ። በፍጥነት ስለተጠቀለለ ጠርዙ ወጣ ገባ ብሏል። ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያበጠሩ ሽማግሌ ገቡ። ዋልተር ይባላሉ፤ የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ ናቸው። ሳላስበው «ይሄ እንዲህ ከተቀመጠ ጠርዙ ይጎዳል፤ ቀስ ተብሎ እንደገና መጠቅለል አለበት» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ሥራዬ ነበር።»

ትንሽ አዩኝ። ከኪሳቸው የሳል ከረሜላ ቆርቆሮ አውጥተው ከፈቱት፤ ውስጡ ምላጭ ነው። የአንድ ሰው ንግግር ያለበት ቁራጭ ቴፕ ሰጡኝና «መሐል ላይ ያስላል። ሳሉን አውጪልኝ» አሉኝ። መወልወያውን ግድግዳ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ቴፑን በእጄ ወዲያና ወዲህ እየሳብኩ ሳሉ የሚጀምርበትን ፈለግሁ፤ ምልክት አደረግሁ፤ አግድመት ቆረጥኩ፤ ቀጠልኩ። ዋልተር ሦስት ጊዜ ሰሙት። «የቱ ጋ ነው የቆረጥሽው?» አሉ። አሳየኋቸው። «ይሄ ይቆያል» አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚያ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት መወልወያው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እኔ የዋልተር ረዳት ሆንኩ። የሰዓት ክፍያዬ የተሻለው በጥቂት ሳንቲም ነው፤ ግን ሥራ ቦታ ተቀምጬ መሥራት ጀመርኩ።

በእንግሊዝኛው ሁሉም ሰው «ዩ» ነው፤ እኔ ግን በልቤ ዋልተርን አንቱ እላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከማንም በፊት ገብተው ቴፑ የሚያልፍባቸውን ብረቶች በአልኮልና በጥጥ ይወለውላሉ። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አያቆሙም። የቴፕ ካርቶን ላይ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል ይላሉ። ሌላው ሰው የዘፋኙን ስምና ቀኑን ጽፎ ያልፋል። እሳቸው ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ዜማውን ማን እንዳወጣው፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ፣ አንዳንዴም ውጪው በረዶ ይሁን ፀሐይ ይጽፋሉ። አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው። ማንኛውም ቴፕ ከመጥፋቱ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። ባዶ ነው ቢባልም ይሰማል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ነገር ሳይነኩ፣ እስኪያልቅ ይሰሙታል።

ዳርሊን የመጣችው በአንድ የካቲት ጠዋት ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ ጄራርድ መንገድ ላይ አንድ ቁርስ ቤት ታስተናግዳለች። ከሰሜን፣ ከማዕድን ከተማ ነው የመጣችው። ሁለት ሰዓት ተከራይታ ብቻዋን በጊታር አንድ ዘፈን ለመቅዳት መጣች። ዋልተር ማይኩን አስተካከሉላት፤ እኔ ቴፑን አዘጋጀሁ። ድምፅ ለመለካት «እስቲ ስለ ዘፈኑ ትንሽ አውሪ» አሏት።

«ባሌ ማዕድን ውስጥ ነበር የሚሠራው» አለች። «ሲመለስ ልብሱን አጥብለታለሁ። ውሃው እንደ ከሰል ይጠቁር ነበር። አንድ ሰሞን እየነጣ መጣ። አንድ ቀን ጭራሽ ጥርት አለ፤ የገንዳው ወለል ይታየኛል። እሱ ከኋላዬ ቁጭ ብሎ ዛሬ ፈረቃው ከባድ ነበር እያለ ያወራኛል። እኔ ውሃውን አያለሁ።»

ዋልተር ቁልፉ ላይ ያለውን እጃቸውን አላነሡም። «የት ነበር የሚውለው?»

«ሁለት መንገድ አልፎ፣ አንድ ሴት ቤት። ከሥራ ከተባረረ አራት ወር ሆኖት ነበር።»

«ዘፈኑ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«እንግዲያው ዝፈኚው።»

የካንትሪ ዘፈን ለእኔ እንግዳ አይደለም። የእኔ ዕድሜ ሰው አዲስ አበባ በየሻይ ቤቱ ሲሰማው ነው ያደገው፤ ቃሉ ባይገባን ልቅሶው ይገባን ነበር። እንደዚያ ዓይነት ግን ሰምቼ አላውቅም። ዳርሊን አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ቀስ ብላ፣ ለጎረቤት እንደምታወራ ሴት ነው የዘፈነችው። አዝማቹ «ውሃው ጠራ» ነው የሚለው፤ እዚያ ስትደርስ ቀድማ ትንሽ ትተነፍስ ነበር። አንዴ ብቻ ዘፈነችው። ዋልተር ድገሚው አላሏትም። ካርቶኑን አንሥተው መጻፍ ጀመሩ። እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

የስቱዲዮው ባለቤት ግሬግ ይባላል። ዘፈኑን የሰማው በማግስቱ ነው። ዳርሊንን ጠርቶ «ቴፑ እዚህ ይቀመጥልሽ፤ ካሴቱንም ተይልኝ፤ ለማውቃቸው ሰዎች አሰማልሻለሁ» አላት። ቅጂ የሚሆን አንድ ካሴት ብቻ ነበራት፤ ሰጠችው። እሱ ያኔ ለእኔ ከሌላው አለቃ የባሰ አልነበረም። ስሜ ስንዱ ነው ብዬ አሥር ጊዜ ነግሬው «ሲንዲ» ይለኛል። ይህን ከመልመዴ የተነሣ መናደዱን ትቼው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የዋልተር ጆሮ ደከመ። ማንም ሳያውቅባቸው ራሳቸው ነገሩኝ። «ቀጭኑ ድምፅ አይሰማኝም። የማይሰማ ሰው የሰው ድምፅ በአደራ መያዝ የለበትም» አሉኝ። ምላጮቻቸውን ከነቆርቆሮው ሰጡኝና በውቅያኖሱ ዳር ወዳለው የትውልድ ቦታቸው፣ እኅታቸው ጋ ሄዱ። የቴፕ ክፍሉ ለእኔ ተተወ። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ ለእናቴ ደውዬ «ክፍል ኃላፊ ሆንኩ» አልኳት። በክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ መሆኔን አልነገርኳትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ሰኞ፣ ግሬግ በጋሪ አርባ የሚሆን ካርቶን እየገፋ መጣ። «ሲንዲ፣ እነዚህን አጥፊና አዲስ ወረቀት ለጥፊባቸው። ለማስታወቂያ ሥራ እንፈልጋቸዋለን። እስከ ምሳ ይድረሱ» አለኝ።

«ባለቤቶቹ ያውቃሉ?»

«ሁሉንም ኮል አድርጌያለሁ። የሚፈልጋቸው የለም።»

ይህን ሲል አላየኝም፤ ጋሪውን ነው ያየው። እኔ በድምፅ የምኖር ሰው ነኝ። ያ ድምፅ የሚዋሽ ሰው ድምፅ እንደሆነ ጆሮዬ ነግሮኛል። ሰምቼ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ትልቁ ማጥፊያ ማግኔት ላይ አንድ ሪል ለማጥፋት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ አስቀምጦ ማዞር፣ ማንሣት። ሁሉንም ልስማ ብል ሦስት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። በአሥራ ስድስተኛው ካርቶን ላይ የዋልተር እርሳስ አየሁ። «ዳርሊን» ይላል። እጄ ቆመ። «ካሴቱ አላት» አልኩ ለራሴ። ካሴቱን ለማን እንደሰጠች አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቢሆንም እንዲያ አልኩ። ሪሉን ማግኔቱ ላይ አስቀመጥኩና አዞርኩት። አልሰማሁትም። ካርቶኑ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፌ ወደ አሥራ ሰባተኛው አለፍኩ፤ በምሳ ሰዓት ጨረስኩ፤ ግሬግም አመሰገነኝ።

በሚቀጥለው ጸደይ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ጌታሁን መኪናውን እየነዳ በዳንፎርዝ መንገድ ስናልፍ ሬዲዮው ዘፈነው። ከበሮ ገብቶበታል፣ ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታር ገብቶበታል፣ ምቱ ፈጥኗል። የሚዘፍነው ወንድ ነው፤ ያኔ ስሙ እየወጣ የነበረ፣ እኛ ስቱዲዮ የሚቀዳ ዘፋኝ። ግን ዜማው ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው። አስተዋዋቂው ሲጠይቀው «እናቴን እያሰብኩ የጻፍኩት ነው። ከፕሮዲውሰሬ ከግሬግ ጋር» አለ።

«መኪናውን አቁመው» አልኩት ጌታሁንን። አቆመው። ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። አርባ ካርቶን ያስጠፋኝ አንዱን ለመደበቅ እንደነበር የገባኝ እዚያ ነው። እናቱን! የሴትየዋን ገንዳ፣ የሴትየዋን ባል፣ የሴትየዋን መከራ ዘፋኙ ወስዶ ለእናቱ ሰጠ።

ሰኞ ዕለት ግሬግ ቢሮው ጠራኝ። በዚያን ጊዜ እናቴን ከአዲስ አበባ ስፖንሰር እያደረግሁ ነበር። ከመሥሪያ ቤት የሥራ ሌተር፣ መሥራቴን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ ያስፈልገኛል፤ ከጠየቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ሌተሩ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ዓርብ እፈርምልሻለሁ» አለኝ። «ድሮ አንዲት ቁርስ ቤት የምትሠራ ልጅ መጥታ ነበር አሉ። አንቺ አታስታውሻትም አይደል? ስንቱ ይመጣል።»

ወደ ቴፕ ክፍሌ ተመለስኩ።

ዳርሊን ሐሙስ መጣች። የሥራ ቀሚሷን አልቀየረችም፤ ሽርጧ በኮቷ ሥር ይታያል። ኮሪደሩ ላይ ከግሬግ ጋር ቆማ «ቴፔን ስጠኝ፤ ካሴቴንም» ትላለች። እሱ በትዕግሥት ፈገግ ብሎ «እዚህ የተቀዳ ነገር እንዳለሽ አላውቅም» ይላታል። እኔን ስታይ ፊቷ ተፈታ።

«ይቺ ነበረች! ንገሪው። ነበርሽ አይደል?»

ግሬግም አየኝ። እናቴ በዓይኔ መጣች። «ብዙ ሰው ነው የሚመጣው» አልኩ። «አላስታውስሽም።»

አልጮኸችም። ኮቷን በሽርጧ ላይ ቆልፋ ደረጃውን ወረደች። ዓርብ ሌተሬ ተፈረመ። ስሜን በትክክል ጽፎታል፤ ለካ ያውቀው ነበር።

ሌተሩን በፖስታ ላክሁ። እንቅልፌ ግን ጠፋ። ጌታሁን «እናትሽን አስቢ እንጂ፤ የፈረንጅ ጠብ ውስጥ ምን አገባሽ?» ይለኛል። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «አዝዞሽ ነው።» «እጁ የኔ ነው።»

ቴፑ ቢጠፋም ካርቶኑ አልተጣለም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መደርደሪያውን ፈተሽኩ፤ በላዩ «የፍራሽ ማስታወቂያ» ተብሎ በራሴ እጅ የተጻፈውን አገኘሁት። የለጠፍኩትን ወረቀት በእንፋሎት አርሼ ላጥኩት። የዋልተር እርሳስ ከሥሩ እንዳለ ነው፤ ግጥምና ዜማ ዳርሊን፤ ክፍሉ ውስጥ ዋልተርና ስንዱ፤ በረዶ። ካርቶኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በምሳ ሰዓት ስትሪትካር የሚሉትን የመንገድ ባቡር ተሳፍሬ ቁርስ ቤቱ ሄድኩ።

ዳርሊን ሳህን ይዛ ስታልፍ አየችኝና ሳህኑን ለአንድ ተመጋቢ አስቀምጣ መጣች። «ምን ፈለግሽ?»

«ዋሽቼሻለሁ። አስታውስሻለሁ። ቴፕሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

«ከማጥፋትሽ በፊት ሰማሽው?»

«አልሰማሁትም።»

ካርቶኑን ሰጠኋት። የእርሳሱን ጽሑፍ በጣቷ ሳትነካ አነበበችው። «ለምንድን ነው ያኔ ያልተናገርሽው?» አለችኝ። ስለ እናቴ ነገርኳት። «እኔም እናት አለችኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ካርቶኑን ግን ይዛው ሄደች።

ማታ ለዋልተር ደወልኩ። ስልክ አይሰሙም፤ ያነሣችው እኅታቸው ናት። የምለውን እየተቀበለች ለሳቸው ጮኻ ትነግራቸው ጀመር። «ዳርሊን የምትባለዋን ሴት ቴፕ አጥፍቼዋለሁ በይልኝ» አልኩ። «ቴፑን አጥፍታዋለች!» ብላ ጮኸች። «ሳልሰማው በይልኝ።» «ሳትሰማው!» ንስሐ በሌላ ሰው ጩኸት መግባት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ እኅትየዋ ቀስ ብላ «ወረቀትና ብዕር አምጪ እያለኝ ነው» አለችኝ።

ዋልተር ያን ጠዋት የሆነውን ሁሉ ጽፈው፣ በሕጋዊ ምስክር ፊት ፈርመው ላኩ። ዳርሊን ክስ ጀመረች፤ እኔም ለሚረዳት ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ቃሌን ሰጠሁ። ግሬግ በሰማ በነጋታው ከሥራ አባረረኝ። የእናቴ ጉዳይ እንደገና ሌላ ሌተር ጠየቀ፤ መምጣቷ ከአንድ ዓመት በላይ ዘገየ። ይህን እንደ ቅጣቴ ቆጥሬ ተቀበልኩት። የማልቀበለው ሌላውን ነው። የእነግሬግ ጠበቃ፣ ሽቶ የሚሸት ሰው፣ ለድርድር በተቀመጥንበት ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ «እርሳስ ማንም በማንኛውም ቀን ይጽፋል» አለ። ስለ እኔ «በራሷ አፍ አንዴ አላስታውስም ያለች፣ በእንግሊዝኛ ያልበሰለች የቀድሞ ጽዳት» አለ። ስለ ዋልተር የተናገረው ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። «የማይሰማ ሰው ስለ ዘፈን ይመሰክራል?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያለችው ጸሐፊም ሳቀች። ዋልተር ዕድሜ ልካቸውን ከሰሙት አንድ ደቂቃ ያህል እንኳ ያ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

ነፃው ቢሮ እስከ ፍርድ ቤት አይሄድላትም፤ ዳርሊን ለጠበቃ የምትከፍለው የላትም፤ ጉዳዩም ገና ብዙ ዓመት ይወስዳል አሏት። በመጨረሻ ወረቀት አምጥተው አስፈረሟት። ከዚያ ወዲህ በሚታተመው ሲዲ ላይ ስሟ ይገባል፤ ሦስተኛ ሆኖ። መጀመሪያ ዘፋኙ፣ ቀጥሎ ግሬግ፣ ከዚያ በትንንሽ ፊደል እሷ። የራሷን ገንዳ ከሁለት ሌቦች በኋላ ተሰልፋ አገኘችው። ስለዚህ ነገር በየትም እንዳትናገርም አስፈረሟት። እኔን ያስፈረመኝ ስለሌለ ይኸው እናገራለሁ።

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ የማስታወቂያ ድምፅ የሚሠራ ቤት ሠራሁ። ቀጥሎ እስከ ጡረታዬ የቆየሁበት የድሮ ድምፆች ማኅደር ወሰደኝ። አሮጌ ቴፖችን እየጠጋገንኩ ወደ ኮምፒውተር እገለብጥ ነበር። ሳልሰማ ያለፍኩት አንድም ቴፕ የለም፤ አለቆቼ ቀርፋፋ ናት ይሉኝ ነበር፤ ይበሉ።

ማኅደሩ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ እንደገና ቁርስ ቤቱ ሄድኩ። «ዘፈንሽን እንደ ድሮው ዝፈኚልኝ፤ ልቅዳው። ማንም የማይነካው ቦታ ይቀመጣል» አልኳት። አንድ ወር አሰበችበት። ከዚያ በአንድ ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጊታሯን ይዛ መጣች። ትንሹን ክፍል አስፈቅጄ ነበር። ብረቶቹን በአልኮል ወልውዬ፣ ማይኩን አስተካክዬ ከመስታወቱ ኋላ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነች። አዝማቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። እንደገና ጀመረች፤ እዚያው ቆመች።

«የሰውየው አዘፋፈን ነው የሚመጣብኝ» አለች። «በየሱቁ፣ በየአውቶቡሱ ሲጮህ እሰማዋለሁ። ጣቶቼ በሱ ፍጥነት ነው የሚሄዱት። የኔ እንዴት ነበር? አንቺ ሰምተሽዋል።»

ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። «አዝማቹ ጋ ስትደርሺ ቀድመሽ ትተነፍሺ ነበር» አልኳት። «እግርሽን አትመቺም። የመጨረሻውን ቃል አትጎትቺውም፤ እንደሚናገር ሰው ትተዪዋለሽ።» በዚህ በአነጋገሬ፣ በዚህ በድምፄ ዘፈንኩላት። አልሳቀችብኝም። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ፤ ከዚያ ሞከረች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ላይ አንድ መሥመር እንደዚያን ቀን የሆነች መሰለኝ። መልሼ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ቅርብ ነው» አለች። «ግን ያቺ ሴት አይደለችም።»

«እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን።»

ራሷን ነቀነቀችና ጊታሯን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

«ስንዱ፣ ያኔ ስዘፍነው የዋሸኝ ሰው ባሌ ብቻ ነበር።»